ኢትዮጵያ፦ ሴት አንድ

ሰው ስለ ኑርሀያት ሲጠይቀኝ «ተማሪዬ ነበረች» እላለሁ። ውሸት አይደለም። እኔ ውሸት አልወድም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ሲዋሽ የያዝኩትን ተማሪ ምሬ አላውቅም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከሚኒባስ ረዳቱ እስከ ባንክ ሠራተኛው ድረስ «ቲቸር አንዳርጋቸው ሐቀኛ ነው» ይላል፤ ግማሹን ያስተማርኩት እኔ ነኝና ምን ይበል። አሁን ይህን የምጽፈው ግን ሐቀኛ ስለሆንኩ አይደለም። አንዲትም ውሸት ሳልናገር አንዲት ልጅ ስለበደልኩ ነው።

ኑርሀያት የመስኡዳ ልጅ ናት። መስኡዳ ከውጫሌ አግብታ ወደ ሐይቅ የመጣች፣ ባሏ በልጅነቷ ሞቶባት ስፌት እየሰፋች አንድ ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። ቤታቸው ከእኛ ቤት አራት ቤት አለፍ ብሎ፣ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ከደጃፋቸው አክርማና ስንደዶ ተሰጥቶ፣ በቀይና በአረንጓዴ የተነከረው አለላ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሁልጊዜ ይታያል። ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ አገልግል፣ የፈለጉትን ሰፍተው በገበያ ቀን ያወጡታል።

ዘጠነኛ ክፍል እኔ ዘንድ ስትገባ ከኋላ መስኮቱ ሥር ነበር የምትቀመጠው። አንድ ቀን እኔ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እሷ ሌላ ነገር ስትጽፍ ያዝኳትና ደብተሯን ነጠቅኩ። የሂሳብ ደብተር ነው፣ ባለ ካሬው። ካሬዎቹ በቀለም እርሳስ አንድ በአንድ ተሞልተዋል። የሐይቁ ሞገድ አለ፣ የጤፍ ዘለላ አለ፣ ክንፉን የዘረጋ ወፍ አለ፤ በያንዳንዱ ሥር ደግሞ ስንት ዙር እንደሚሰፋና አለላው የትኛው እንደሚሆን በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት፣ በዚያ ክፍሉን በሚያስፈራው ድምፄ።

«ስፌት ነው ቲቸር።»

«ስፌት በደብተር ላይ ይሰፋል እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አንገቷን ደፋች። «ሳልሰፋው ላየው ብዬ ነው» አለች።

ደብተሩን ወስጄ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከገጽ ገጽ ሳገላብጥ ሻዬ ቀዘቀዘ። በመሃል አንድ አገልግል አገኘሁ። እንደምናውቀው አገልግል አልነበረም፤ ግድግዳው ድርብ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እርጥብ ጨርቅ የሚገባበት ክፍተት ትታለች፤ ማንገቻው ደግሞ ክብደቱ ወገብ ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ዞሯል። ከጎኑ «ከአምባሰል ደጋ ቅቤ ይዘው ለሚወርዱ ሴቶች፣ መንገድ ላይ እንዳይቀልጥባቸው» ብላለች። ይቺ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት እንግዲህ። በማግስቱ ደብተሩን መለስኩላትና «ቀጥይ፤ በእኔ ክፍለ ጊዜ ግን አይሆንም» አልኳት። በሕይወቴ ካደረግኋቸው መልካም ነገሮች አንዷ ይህች ናት፤ ብዙ ስላልሆኑ አልረሳቸውም።

ከዚያ ለውጥ መጣ ተባለ። ሁለት ሺህ አሥር ላይ ነው። ሰው ሁሉ በተስፋ ሰከረ፤ እኔም ከሰካራሞቹ አንዱ ነበርኩ። የታሰረው ተፈታ፣ የተሰደደው ተመለሰ፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ደመወዝ ከማውራት ይልቅ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማውራት ተጀመረ። እኔም ስልኬ ላይ ስዳክር ህንድ አገር ያለ የዲዛይን ትምህርት ቤት ያወጣውን ማስታወቂያ አገኘሁ። ከማስታወቂያው በታች ሠንጠረዥ ነበር፤ ከውጭ አገር የመጡት ተማሪዎቻቸው በአገርና በጾታ ተለይተው ተቀምጠዋል። ኔፓል፦ ሴት ዘጠኝ፣ ወንድ ሰባት። ስሪላንካ፦ ሴት ስድስት፣ ወንድ ሁለት። ኬንያ፦ ሴት ሁለት፣ ወንድ አራት። ወደ መጨረሻው ግድም ኢትዮጵያ አለች፦ ሴት ዜሮ፣ ወንድ ዜሮ።

እውነቱን ልናገር፤ ንድፍ የወንድ ሥራ ይመስለኝ ነበር። እኔ ስማር የንድፍ ክፍል ውስጥ ያ ረጅም ማስመሪያ ከወንድ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ሠንጠረዡ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። ከግርጌው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዜሮ ካለባቸው አገሮች ከያንዳንዳቸው አንዲት ሴት ሙሉ ወጪዋ ተሸፍኖ እንደምትገባ ተጽፏል። ወዲያው የታወሰችኝ ኑርሀያት ናት። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ መጀመሪያ የታወሰችኝ እሷ ናት። በዚያው ዓመት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ከእናቷ ጋር ስትሰፋ ነበር። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው።

መስኡዳ ወስፌዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰማችኝ። «አንቱ ካሉ ጋሽ አንዳርጋቸው፣ ልጄ የአንቱም ልጅ ናት። አላህ ያውቃል፣ አንቱ ያውቃሉ» አለችኝ።

ማታ ራት ላይ ይህንኑ ለባለቤቴ ለተሾመች ሳወራ፣ ልጃችን እድላዊት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔስ አባዬ?» አለች።

እድላዊትን አላሳንሳትም። ልብስ ትነድፍ ነበር፣ እጇም ጥሩ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተመኘችው ትምህርት ሳይደርሳት ቀርቶ ዓመቱን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ስታለቅስ የከረመች ልጅ ናት። «እኔስ?» ስትል ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። የሁለቱንም ማመልከቻ ሞላሁ። ከዚያ በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ መልስ መጣ፤ ከኢትዮጵያ ካመለከቱት ውስጥ ሁለት ሴቶች ለቃለ መጠይቅ ተመርጠዋል። አንደኛዋ ልጄ፣ ሌላዋ ኑርሀያት። ቦታው አንድ ነው። እንግሊዝኛ መናገር የሚከብዳት አስተርጓሚ ይዛ መቅረብ ትችላለች ይላል።

ሌላ አስተርጓሚ ልፈልግላት ይገባ ነበር። ሐይቅ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ እኔ ብቻ አይደለሁም። ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ስፌት ነገር ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። እኛ ዘንድ ስፌት ብቻውን አይሰፋም። መጀመሪያውን እናት ወይ አክስት ትጀምራለች፤ ጎረቤት ስትመጣ ለበረከት ሁለት ዙር ትጨምርበታለች፤ እስላሟም ክርስቲያኗም። ሲያልቅ «ማን ሰፋው?» ብለው ቢጠይቋት፣ ከሐሳቡ እስከ ማሰሪያው የደከመችበት ሴት እንኳ «እኔ ነኝ» አትልም። «ጎረቤት ነው ያበጀው» ትላለች፣ «እኔ ምን አውቄ» ትላለች። እኔ ያለች እንደሆነ ድፍረት ነው፣ ዓይንም ይበላታል፣ ያገዟትንም እንደ መካድ ነው። ይህን የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «እኔ ምን አውቄ» ያለችው እሷ ሠሪዋ መሆኗን ጠያቂው በዚያው ይረዳል። ባዕድ ግን ከየት አባቱ ይረዳዋል? ለባዕድ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፤ አስተርጓሚ የሚባለው ያ ነው።

ግንቦት ላይ ሦስታችን በሚኒባስ ደሴ ወጣን። ቀጠሮ የያዝነው አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው፤ ባለቤቱ ከኋላ ያለችውን ጸጥ ያለች ክፍል ለቀቀልን። ከህንድ በኮምፒውተሩ የምትታየው ጠያቂ ጸጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴትዮ ናት። እድላዊት ቀድማ ገባች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔው ያስተማርኳት እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ፈሰሰላት። «ይህ ቀሚስ የእኔ ሐሳብ ነው፣ ይህ አንገትጌ የእኔ ፈጠራ ነው» ስትል ከበር ውጭ እሰማለሁ። ያን አነጋገርም ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። ባዕድ እንዲህ ነው የሚወደው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አለማምጃታለሁ። ኑርሀያትን ግን አላለማመድኳትም።

ኑርሀያት ያንን ድርብ አገልግል ሰፍታ ይዛው መጥታ ነበር። ሴትዮዋ ስታየው ከወንበሯ ወደ ፊት ተጠጋች። አዙሪው አለቻት፣ ክፈቺው አለቻት፣ ክፍተቱን አሳዪኝ አለቻት። ደስ እንዳላት ያስታውቃል፤ በልጄ ሥራ ላይ እንዲህ ስትጠጋ አላየሁም፤ ከበር ውጭ ሆኜ በስንጥቁ እያየሁ ነበርና አውቃለሁ። ከዚያ ሴትዮዋ «ይህን ማን ሠራው? ሐሳቡስ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩላት።

ኑርሀያት ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገች። «ኧረ እኔ ምን አውቄ ቲቸር። እማዬ ናት የጀመረችው። ጎረቤቶቻችን ናቸው ያበጁት፣ አላህም አሳመረው። እኔ እጄን ብቻ ነው ያስገባሁ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም።

የሴትዮዋ ፊት ቀዘቀዘ። «ስለዚህ ሐሳቡ የራሷ አይደለም ማለት ነው?» አለች። ይህን ጥያቄ የጠየቀችው እኔን ነው፤ ኑርሀያትን አይደለም። «በአገራችን ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው፤ ሐሳቡ የእሷው ነው፤ ደብተሯን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አይቼዋለሁ» ማለት ይበቃ ነበር። ትንፋሽ አይፈጅም። እኔ ግን ወደ ኑርሀያት ዞርኩና «ሐሳቡ ያንቺ አይደለም ወይ ነው የምትለው» አልኳት። ዓይኗን ቀና አድርጋ አየችኝ። ረዘም አድርጋ አየችኝ። ከዚያ «የሰው ነው ቲቸር። ምን የእኔ የሚባል አለ» አለች።

«የሌሎች ሰዎች ነው ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ የሆነ ነገር ጻፈች።

ወደ ሐይቅ ስንመለስ ኑርሀያት አገልግሉን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ስታይ መጣች። ስንወርድ «ቲቸር፣ ደከሙልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ራት ሳልበላ ተኛሁ። የተናገረችውን ነው የተረጎምኩ፣ የተናገረችውን ነው የተረጎምኩ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ነጋ።

ውጤቱ ሲመጣ የእድላዊት ነበር። ሽኝቱ ላይ መስኡዳና ኑርሀያት ያንኑ ድርብ አገልግል ሞልተው መጡ። መስኡዳ ልጄን አቅፋ መረቀቻት፤ ወደ እኔ ዞራም «አልሐምዱሊላህ ጋሽ አንዳርጋቸው። የሄደችው የኛው ልጅ ናት፤ ባዕድ አልወሰደው» አለችኝ። ኑርሀያት ደግሞ የእድላዊትን ሻንጣ ተሸክማ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዓመቱ ያ ሠንጠረዥ ታደሰ። ኢትዮጵያ፦ ሴት አንድ፣ ወንድ ዜሮ። ሌላው አባት ቢሆን ያን ወረቀት አሳትሞ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ተሾመችም «ምነው አታሳየንም?» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ተደብቆ እንደሚጠጣ ሰው፣ ስልኬን ይዤ ብቻዬን ሆኜ ነበር የማየው። «አንድ» የሚለው ቁጥር ልጄ ናት፤ የማን ቦታ እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ። እድላዊት ስትደውል እደሰታለሁ፤ ስልኩ ሲዘጋ አፍራለሁ። በኑርሀያት ደጅ ላለማለፍ ወደ ገበያ ስወጣ በላይኛው መንገድ መዞር ጀመርኩ።

ጦርነቱ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት ላይ ወደ እኛ ሲጠጋ ግን የላይኛው መንገድ አልጠቀመኝም። ውጫሌ ተያዘ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሐይቅ ድረስ ይሰማ ጀመር። መኪና ጠፋ። ያለው ባጃጅም ነዳጅ የለውም። እኔ የስኳር በሽተኛ ነኝ፤ መድኃኒቴ ደግሞ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። መብራት ከጠፋ ቀናት ስላለፉ እንስራ ሥር ነበር የማስቀምጠው። ተሾመች ልብስ ስትቋጥር እኔ መድኃኒቱን እጄ ላይ ይዤ ግቢው መሃል እንደ ሞኝ ቆሜያለሁ።

ኑርሀያት የግቢያችንን በር ከፍታ ገባች። እናቷ ከኋላዋ ናት። ኑርሀያት ምንም ሳትጠይቀኝ መድኃኒቱን ከእጄ ወሰደች፤ ድርብ አገልግሏን ከፈተች፤ ጨርቁን በውሃ ነክራ በክፍተቱ ዙሪያ ጠቀጠቀችው፤ መድኃኒቱን በሻሽ ጠቅልላ መሃሉ ላይ አስቀመጠችና ከደነችው። «ለቅቤ ብዬ ነበር» አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ አንግታው «እንሂድ ቲቸር» አለች።

በእግራችን ወደ ደሴ ተጓዝን። ውሃ ባገኘን ቁጥር ጨርቁን ታረጥበዋለች። ማረፊያ ስንይዝ አገልግሉን ራሷ ጥላ ሥር ታስቀምጠዋለች፣ ማንንም አታስነካም። ደሴም አላረጋችንም፤ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄድን፤ ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን በጭነት መኪና ላይ። ያ መድኃኒት እስከ መጨረሻው አልተበላሸም። እኔ በሕይወት ያለሁት በዚያ አገልግል ነው። «የሌሎች ሰዎች ነው ትላለች» ባልኩት አገልግል።

ደሴ ሳንገባ አንድ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ስናርፍ ልናገር ሞከርኩ። ተሾመችና መስኡዳ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። «ኑርሀያት፣ ያን ቀን ደሴ ላይ...» አልኩ።

«ውሃ ይጠጡ ቲቸር» አለችኝ፣ ኮዳውን እየሰጠችኝ። «አሁን መንገድ ላይ ነን። ከመንገድ ሌላ ነገር አያስቡ።»

ጠጣሁ። ሳልናገር ስለቀረሁ ቀለል አለኝ፤ ቀለል ስላለኝ ደግሞ እንደገና አፈርኩ።

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤታችን በሩ ተገንጥሎ፣ መጻሕፍቴ ግቢው ውስጥ ተበትነው አገኘን። የእነ መስኡዳ ቤትም ባዶ ነበር። ስፌቱ በሙሉ ሄዷል፤ ያ ባለ ካሬው ደብተርም ሄዷል። መስኡዳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ኑርሀያት ግን በሳምንቱ ስንደዶ ልትለቅም ወጣች።

የሰላሙ ስምምነት በተፈረመበት ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ እድላዊት ደወለች። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የመመረቂያ ሥራዋን ስለ ሐይቅ ስፌት አድርጋዋለች። «አባዬ፣ የኑርሀያትን አገልግል ፎቶ ለመምህራኖቼ አሳየኋቸው» አለችኝ። «ያቺ ጠያቂያችን ወዲያው ነው ያወቀችው። አራት ዓመት ሙሉ አልረሳችውም። ኑርሀያትን ላነጋግራት አለች፤ ለአንድ የትምህርት ዘመን እዚህ መጥታ እንድታስተምረን ይፈልጋሉ። ግን ፋይሏ ላይ ሥራው የራሷ አይደለም ተብሎ ተጽፏል አሉ። እንዴት እንዲህ ተባለ አባዬ?»

«እንጃ» አልኳት። ይኸው፣ በስተርጅና ዋሸሁ።

ለቀጠሮው ቀን ወረቀት አዘጋጀሁ። ያን ቀን ጥፋቱ የእኔ እንደነበር፣ አገሩ እንዴት እንደሚናገር፣ ደብተሩን መቼ እንዳየሁት፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አራት ጊዜ ገለበጥኩት። ሴትዮዋ ገና ስትጠይቅ አነበዋለሁ፣ ልጄም ትስማ፣ ኑርሀያትም ትስማ፣ ውርደቴን እጠጣለሁ ብዬ ኪሴ ውስጥ አጥፌ ከተትኩት።

መስኡዳ ቤት ተሰበሰብን። ስልኩን በርጩማ ላይ አስደግፌ አቆምኩት። በአንድ በኩል ያቺ ሸበቶ ሴትዮ፣ በሌላው በኩል እድላዊት ይታያሉ። መስኡዳ ከልጇ ጎን ስንደዶ እየመረጠች ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ሰላምታ ሰጥታ አላዘገየችም፤ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ይህን ማን ሠራው? ሐሳቡስ የማን ነው?

እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ኑርሀያት ግን እንድተረጉም አልጠበቀችም። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች፣ «እኔ ሠራሁት። ሐሳቡ የእኔ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ አሰብኩት» አለች።

ሴትዮዋ ሳቀች፤ በደስታ ነው የሳቀችው። እድላዊት አጨበጨበች። ኑርሀያትን ግን ላብ አጥምቋት ነበር። የሰው ዕቃ ሰርቃ እንደተያዘች ሴት አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ትፈትላለች። ሃያ አራት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በሕይወቷ «እኔ» ብላ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

መስኡዳ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች ጋሽ አንዳርጋቸው? ማን ሰፋው ነው ያሏት?»

ኑርሀያት ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ቀን ደሴ ላይ እንዳየችኝ። ዓይኗ ለመነኝ። ቃል በቃል ብተረጉም እናቷ ፊት ያፈረች ልጅ ልትሆን ነው።

«እማዬ ጀመረችው፣ ጎረቤቶቻችን አበጁት፣ አላህ አሳመረው አለች» አልኳት። አላሰብኩበትም። ከአፌ እንዲያው ወጣ።

መስኡዳ ፊቷ በራ። «እሰይ! ያሳደግኋት ልጅ» አለችና ወደ ስንደዶዋ ተመለሰች።

ሴትዮዋ ደብዳቤ እንደምትልክ ነግራ ተሰናበተች። እድላዊት መስመር ላይ ቀርታ ሐይቁን ካላየሁ አለች፤ ስልኩን ይዤላት ወደ ደጅ ወጣሁ። ኑርሀያት ተከትላኝ ወጣችና በሩን ገርበብ አደረገችው። ከሩቅ ውሃው ይታያል።

«ያን ቀን የምትባባሉት ሁሉ ይገባኝ ነበር ቲቸር» አለችኝ። «መናገሩ ነው እንጂ መስማቱ አላቃተኝም። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? መምህሬን በባዕድ ፊት ማረም ነውር ሆኖብኝ ነው ዝም ያልሁ።»

አልተቆጣችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦

«አሁን ለእማዬ እንደተረጎሙልኝ፣ ያን ቀንም ቢተረጉሙልኝ ምን ነበረበት?»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ምን ያደርግልኛል? ሁሉን ታውቀዋለች። መንገድ ላይ ውሃ ስትሰጠኝም ታውቀው ነበር፣ መድኃኒቴን ስትሸከምም ታውቀው ነበር።

ስልኩን እንደያዝኩ ረስቼዋለሁ። እድላዊት ሳቋን አቁማለች።

«አባዬ» አለች ከስልኩ ውስጥ፣ «ምን ማለቷ ነው?»

ልተረጉምላት አፌን ከፈትኩ።